የሦስት ዜማ ድሪ፤ ከደብረ ታቦር እስከ አርብ ገበያ

እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ። በቅሎን የማውቃት በሩቁ ነው፤ እሷም እኔን በሩቁ ብታውቀኝ ኖሮ ለሁለታችንም በበጀን ነበር። ግን ደብረ ታቦር አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በቅበላ ሳምንት፣ አኮርዲዮኔን አዝዬ፣ ከፊቴ ቫዮሊን ያዘለች አንዲት የአየርላንድ ሴት እየመራችኝ በእስቴ ወረድኩ፣ ሲማዳን አቋረጥኩ፣ ጋይንት ገባሁ። ስመለስ የአዲስ አበባ ወዳጆቼ «ምን አየህ?» ብለው ከበቡኝ። ብዙ ገደል አየሁ፤ ገደል ግን ሲነገር አያስፈራም። ስለዚህ ስለበላነው፣ ስላደርንበትና ከእጃችን ሊያመልጥ ስለነበረው ሰርግ አወራላችኋለሁ።

ነገሩ የደምሴ ነው። ደምሴ ከእኛው ጋር ሂሳብ የሚያስተምር የሲማዳ ልጅ ነው። የአርብ ገበያዋን ዓለምነሽን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ ደጅ ጠንቶ፣ በስንት መከራ እሺ ተብሎ ነበር። ያሳደጓት አያቷ ባላምባራስ ተገኘ ልጅቱን ለጎረቤታቸው ልጅ ነበር ያሰቧት፤ እሺ ያሉትም ጥርሳቸውን ነክሰው ነው። ታዲያ ሰርጉ የቅበላ እሁድ ሊሆን ተቆርጦ ሳለ፣ የተቀጠረው አዝማሪ የአንድ ትልቅ ሰው ድግስ ጠርቶት ቀረ። ደምሴ አስተማሪዎች ክፍል ገብቶ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

«በጋይንት ሰርገኛ በሙሽራይቱ በር ላይ ሳይጫወት አይገባም» አለን። «እሁድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካላወጣኋት ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። እስከ ፋሲካ ደግሞ ባላምባራስ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። የጎረቤቱ ልጅ እንደሆነ የትም አልሄደም።»

እንግሊዝኛ የምታስተምረው ሚስ ኖራ ደምሴ ንግግሩን ሳይጨርስ «እኔ እጫወታለሁ» አለች። አጎቷ በአገሯ በሰርግ ሁሉ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ነበር፤ እሷም ከእሱ ተምራለች። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ «አኮርዲዮን አለኝ» አልኩ። ይህን አፌን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

የአገሯ ጭፈራ አንድ ሥርዓት አለው። አንድ ዜማ ብቻውን አይወጣም። ሦስቱን መርጠው ይሰካኳቸዋል፤ አንዱን ሁለት ሦስቴ ከደጋገሙት በኋላ ሳያቆሙ ወደሚቀጥለው ይገባሉ፤ ጨፋሪውም በመሸጋገሪያው ላይ ነፍሱ ከፍ ትላለች። እኔ ስሙን ድሪ አልኩት፤ የአንገት ድሪ ማለቴ ነው። ዶቃው ብቻውን ምንም አይደለም፤ አሰካኩ ነው ሙያው። ሚስ ኖራ ለደምሴ ሰርግ የአጎቷን አንድ ዜማ መጀመሪያ አደረገች፤ ሁለተኛውን ክረምቱን ደብረ ታቦር ዝናብ ሲዘጋባት ራሷ ደርሳዋለች፤ ሦስተኛው ገና አልነበረም። «በመንገድ ላይ ይመጣል» አለች፣ አውቶቡስ እንደምትጠብቅ ሰው።

ረቡዕ

ደምሴ ለድግሱ ቀድሞን ሄዷል፤ እኔና ሚስ ኖራ ጨውና ሳሙና ጭኖ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄድ መኪና አገኘን። ሾፌሩ ሚስ ኖራን ከጎኑ አስቀመጣት፤ እኔን ከጨው ጋር አወጣኝ። መንገዱ መንገድ መሆኑን የሚያውቀው ሾፌሩ ብቻ ነው። በየጉድጓዱ አኮርዲዮኔ ያለ እጅ ትጮሃለች፤ ከታች ሚስ ኖራ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ዛሬ ድምፅሽ ጥሩ ነው!» ትለኛለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት ገና አልለየም ነበር።

መካነ ኢየሱስ በአንዲት ባሏ በሞተባት ባለ ጠላ ቤት አረፍን። ሴትዮዋ ያላትን አንድ አልጋ ለሚስ ኖራ ለቀቀች፣ እኔን መደብ ላይ ቁርበት አነጠፈችልኝ፣ ራሷ ከጋኖቹ ጎን ተኛች። ጉለሌ ያለችው ባለ ቤቴ አልጋዋን ለእንግዳ ብትለቅ ሠፈሩ ሐኪም ይጠራላት ነበር። ሽሮ በተልባ በላን። ከዚያ ሚስ ኖራ ሻይ ስጡኝ ብላ፣ ሻዩ ሲመጣ ወተት ጠየቀች።

ሴትዮዋ ወደ በሩ ዘወር ብላ ሰው አለመስማቱን አየች። «ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው ልጀ።»

«እኛ አገር የምንጾመው ዓርብን ብቻ ነው» አለች ሚስ ኖራ። «ያውም ከሥጋ።»

«ታዲያ ረቡዕን ምን አደረጋችሁት?»

ሚስ ኖራ ሻዩን ያለ ወተት ጠጣች። አንድ ቀን ሙሉ ጠፍቶባቸው ሳያውቁ የኖሩ ሕዝብ መሆናቸውን ያን ማታ የተረዳች መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ግን ሴትዮዋ ቅል ሙሉ ወተት ይዛ መጣች። «ዛሬ ሐሙስ ነው፤ እስክትጠግቢ ጠጭ» አለቻት። ለመኝታውም ለእራቱም ሒሳብ አልቀበልም አለች።

ሐሙስ

ከዚህ ወዲያ መኪና የለም። ወደ ሲማዳ ከሚሄዱ ነጋዴዎች ሁለት በቅሎ ተከራይተን ከእነሱ ጋር ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ኮርቻዬ ወደ አንገቷ ሸሸ፣ እኔም ተከተልኩት፤ ነጋዴዎቹ ከበቅሎዋ ጆሮ ላይ አነሱኝ። ከመካከላቸው ሸምገል ያለው «አይዞህ መምህር፣ እሷም አዲስ ናት» ብሎ አጽናናኝ። በኋላ ስሰማ በቅሎዋ በዚያ መንገድ ስትመላለስ ያረጀች ነበረች።

ሚስ ኖራ ደግሞ ያየችው ሁሉ አገሯን ይመስላታል። የድንጋዩ ካብ እንደ አገሯ ነው፣ ገብሱ እንደ አገሯ ነው፣ ቄሱ መንገድ ላይ ሲያገኝህ ከየት መጣህ ወዴት ትሄዳለህ የማን ልጅ ነህ ብሎ መጠየቁ እንደ አገሯ ነው። እኔ በበኩሌ ከጉለሌ ጋር የሚመሳሰል ነገር ፈልጌ ያገኘሁት ቁንጫውን ብቻ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ማመሳሰሏን ተወች። ከዚያ በቅሎዋ በምትረግጠው ልክ ማንጎራጎር ጀመረች። በስድስት የሚመታ ነው፤ የእኛ አገር ትከሻም የሚያውቀው ምት ነው። ሦስተኛው ዜማ እየመጣ ነበር። እግርን ያስጨፍራል፣ ሆድን ግን ያባባል።

«ለሰርግ አይከብድም?» አልኳት።

«ሰርግ ቤትም እኮ የሚያለቅስ ሰው አለ» አለች፣ ማንጎራጎሯንም ቀጠለች።

አንድ ችግር ብቻ ነበረው። ከሁለተኛው ወደዚህ ዜማ መሸጋገሪያው አልገጥም አላት። ድምፁ የሚነሳው ከሌላ ቦታ ስለሆነ፣ የቫዮሊኗን ቀስት ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ከጅማቱ ላይ ማንሳት ግድ ይላታል። ባለ ሙያ ድሪ እንዲያ አይሰካም። ዕረፍት ባደረግን ቁጥር ቫዮሊኗን አውጥታ ያችን መሸጋገሪያ ትፈትናለች፣ እኔም በአኮርዲዮን ቀዳዳውን ልደፍንላት እሞክራለሁ፤ ነጋዴዎቹ ጭነት እያጠበቁ ያዝኑልናል።

ወደ ማታ ሲማዳ ውስጥ አንድ መንደር ደረስን። ሰዎቹ አውድማ ላይ ነበሩ። ማደሪያ ስንለምን የሁሉም ዓይን የሚስ ኖራ የቫዮሊን ሳጥን ላይ ተተከለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«የሙዚቃ ዕቃ ነው አባቴ።»

«ቀላድ ጣዮችም ሲመጡ እንዲሁ በለዘበ አፍ ነው የሚናገሩት።»

ለካ በገመድ መሬት ለክተው ግብር ሊጨምሩብን መጡ ብለው ነው። ፈረንጅ፣ ሳጥን፣ ኮት የለበሰ የከተማ ሰው፤ ምኑ ጎደለ? እኔም ላሳምናቸው ቸኩዬ አኮርዲዮኔን ከጀርባዬ አወረድኩና ከዳር እስከ ዳር ለጠጥኩት። ሽማግሌው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ይኸው ተዘረጋ!» አለ አንዱ። ሌላው መንሹን አነሳ።

ያዳነችን ሚስ ኖራ ናት። ከበቅሎዋ ሳትወርድ ቫዮሊኗን አገጯ ሥር ወትፋ የአጎቷን ዜማ ጀመረች። እስኪያልቅ ድረስ ያችን ቀጭን ቀስት መሄድ መመለሷን ተከታተሉ። ሽማግሌው በመጨረሻ «በዚህስ መሬት አይለካም፤ እየሄደ እየሄደ ይመለሳል» ብለው ፈረዱ። የመንደሩ ቄስ ቤታቸው አሳደሩን። ሐሙስ ነበርና ዶሮ ታረደ፤ ባለ መንሹም እየሳቀ እግሬን አጠበኝ።

ዓርብ

እዚያው ሲማዳ፣ ወገዳ ደምሴ ቤት ስንደርስ እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነበርኩ። የደምሴ አክስት እትየ ትሁን፣ የሰርጉ አዛዥ፣ አይታኝ ወዲያው ነገሩ ገባት። ቅቤ በቅል አምጥታ «ሂድና ተቀባ» አለችኝ።

«ዛሬ ዓርብ አይደለም?»

«ብላ አልኩህ እንዴ?»

እትየ ትሁን ምላሷ እንደ ምላጭ፣ ልቧ እንደ ሰፊ ጓዳ የሆነች ሴት ናት። ሚስ ኖራን ዙሪያዋን ዞራ መረመረቻት።

«ግጥም ትችላለች?»

«ግጥም የለውም» አልኩ። «ዜማ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ማንን ልታወድስ ነው?»

«ማንንም።»

ትንሽ አሰበች። «ይሻላል። ማንም ሳይወደስ ቀረሁ ብሎ አይቀየምም።»

ሚስ ኖራ ያን ቀን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዜማዎች ለየብቻ አሰማቻቸው፤ ሦስተኛውን «ለእሁድ ይቆይ» ብላ ደበቀችው። ደምሴ ዕንባው መጣ። ድሪው ተሰካክቶ ሲወርድ ያየ ማንም አልነበረም። ይህን አስታውሱልኝ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስትፈርዱ ያስፈልጋችኋል።

ቅዳሜ

ከነሰርገኛው፣ ከነሚዜው፣ ከነበቅሎው ወደ ቆላ ወርደን ወንዝ ተሻገርን፤ ከዚያ የወረድነውን ሁሉ መልሰን ወጣን። አዲስ አበባ ውስጥ ወደ እንጦጦ መውጣት ዳገት ነው ብዬ ሳማርር የኖርኩትን ሁሉ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ማታ ከአርብ ገበያ በታች በእትየ ትሁን ዘመድ ቤት አደርን። ሰዎቹ ከብታቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ጋጣውን ለእኛ ጠረጉልን። ደምሴ እንቅልፍ አጥቶ «ባላምባራስ ቢቆጡስ?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ስለ ባላምባራስ የማውቀው ከእሱ የሰማሁትን ነው፤ መልሼ ነገርኩት፣ ባሰበት።

እሁድ

ባላምባራስ ተገኘ ግቢ የደረስነው ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። የዓለምነሽ ጓደኞች በሩን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዘግተው እየዘፈኑ ይጠብቁናል። ባላምባራስ ከደጃፉ ጎን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ረጅም፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው።

ሚስ ኖራ የአጎቷን ዜማ ጀመረች። እኔ ተከተልኳት። ሚዜዎቹ ትከሻቸውን ለቀቁት፤ ልጃገረዶቹም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ገጠሙን። እንዲህ ያለ ጨዋታ በሕይወቴ ተጫውቼ አላውቅም። ከዚያ ሚስ ኖራ ዓይኗን ጨፍና ወደ ሁለተኛው ተሸጋገረች። ልጃገረዶቹ እልል አሉ። ወደዱት ብዬ እጅ ነሳሁ። ወደ ሦስተኛው ስትገባ ቀስቷ ከጅማቱ ላይ ትንሽ ተነሳና ተመለሰ፤ ልጃገረዶቹ እየዘለሉ እልል አሉ። እኔ ደግሜ እጅ ነሳሁ። ቀና ስል የደምሴ ፊት አመድ መስሏል።

እትየ ትሁን ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ምን ስትል ለወጠችው?»

«ምኑን?»

«ዜማውን ነዋ! በር ላይ ዜማ የለወጠ ተሸነፈ። የያዝኩት አለቀብኝ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ተሸነፍን፣ አንተ ደግሞ እጅ ትነሳለህ።»

ወደ ደምሴ ዞርኩ። «አታውቅም ነበር?»

«በልጅነቴ ነው ለትምህርት የወጣሁት» አለ። «ከጋይንት ሰርግ የማስታውሰው ሥጋውን ነው።»

የተሸነፈ ሰርገኛ በመጣበት ይመለሳል፤ ሌላ ቀን ይመጣል። ሌላ ቀን ማለት ደግሞ ፋሲካ ነው። ልጃገረዶቹ ይስቃሉ፣ የጎረቤቱ ልጅ አጥሩ ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል፣ ከውስጥ ግን የሴት ልቅሶ ተሰማ። ዓለምነሽ ናት አሉ። ልቤ ተሰበረ። አምስት ቀን ሙሉ ስንሰካካው የመጣነው ድሪ የደምሴን ትዳር አንቆ ሊገድለው ነው።

እትየ ትሁን ነጠላዋን አጣፍታ ባላምባራስ ፊት ቆመች።

«ባላምባራስ፣ ለወጠ የሚባለው ያቆመ ነው። ይህች ልጅ አላቆመችም። ዘፈኑ አንድ ነው፤ ረጅም ነው እንጅ።»

«እኔ ሦስት ነው የሰማሁ» አሉ ባላምባራስ።

«ሩቅ አገር ስለሆነ ነው፤ ዘፈናቸውም እንደ መንገዳቸው ነው።»

ደጃፉ ላይ ከቆሙት ሽማግሌዎች መካከል ሳቅ ያመለጠው ነበር። ባላምባራስ አልሳቁም። በርጩማ አስመጡና ከሚስ ኖራ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ትድገመው። እኔ ያን እንጨት ነው የማየው። ከጅማቱ ላይ ከተነሳ ዘፈኑ ሁለት ነው፣ ልጀም እስከ ፋሲካ እኔው ዘንድ ናት። ካልተነሳ አንድ ነው።»

ተረጎምኩላት። ፊቷ ነጣ። «ሦስተኛዋ ላይ ይነሳል እኮ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ታውቂያለሽ።» ሴት እንዳደረገችኝ ያን ጊዜ ልብም አላልኩት።

ጀመረች። የአጎቷን ዜማ ልጃገረዶቹ አሁን ለምደውታል፤ ሳያውቁት በጭብጨባ ያጅቡናል። ወደ ሁለተኛው ገባች፤ ቀስቷ አልተነሳም። ባላምባራስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሁለተኛውን ደገመችው፣ ሠለሰችው፤ የምትፈራውን ቦታ እንደምታዘገይ ገባኝ። ከዚህ በላይ ማዘግየት አይቻልም። እኔ ጣቶቼን ወደ ሦስተኛው አዘጋጀሁ። ሚስ ኖራ አየችኝ፣ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፣ በዚያው ቀስት፣ በዚያው ትንፋሽ፣ ወደ አጎቷ ዜማ ተመለሰች። ያን የመሰለ ሦስተኛ ዜማ፣ በበቅሎ ጀርባ ላይ የወለደችውን፣ ትታው አለፈች። ጣቶቼ ተደነባብረው አንድ አስቀያሚ ድምፅ አወጡ፤ ደግነቱ ሰው ሁሉ የሚያየው እንጨቱን ነው።

ስትጨርስ ሰው ሁሉ ወደ ባላምባራስ ዞረ።

«ተነሳ?» አለች እትየ ትሁን።

«አልተነሳም» አሉ ባላምባራስ። ቀጥለውም፣ «የመጀመሪያዋም ተመልሳ መጣች። ወጥቶ የተመለሰ ተለወጠ አይባልም።» ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ደምሴ ቀሰሩት። «ሰምተሃል አንተ?»

ደምሴ ሂሳብ አስተማሪ ቢሆንም ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። መሬት ስሞ «ሰምቻለሁ ባላምባራስ። ለመስቀል አመጣታለሁ» አለ።

«ለመስቀልም፣ ለጥምቀትም።»

«ለጥምቀትም።»

ልጃገረዶቹ ክንዳቸውን ፈቱ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን መንገር አያስፈልግም፤ የቅበላ እሁድ ነው፣ ጋይንት ነው፣ ሥጋ ነው። የሰው እጅ በጉርሻ መጣብኝ፣ ከአንዱ ስሸሽ ሌላው ይይዘኛል። ሚስ ኖራን ያጎረሳት የጎረቤቱ ልጅ ራሱ ነበር። ዓለምነሽ የአያቷን ጉልበት ስማ ወጣች፤ ፀሐይ የገደሉን አፋፍ ሳትነካ በቅሎ ላይ ተቀመጠች። እትየ ትሁን ወደ ዘመዷ ቤት ቁልቁል መራቻቸው።

እኔ በቅሎ ላይ መውጣት ስላልቻልኩ፣ ሚስ ኖራም ጥላኝ ስላልሄደች፣ እዚያው ቀረን። እልልታው እየራቀ ሄደ። ልጃገረዶቹ ተበተኑ። ባላምባራስ በርጩማቸውን ከደጃፉ አላነሱትም፤ እንግዶች ነንና ለእኛም ሁለት አስመጡልን። ጠላ አስቀዱልን፣ ራሳቸው ግን አልቀመሱም።

እልልታው ጭራሹን ሲጠፋ «በመጀመሪያ የተጫወተቻትና በኋላ የተወቻት ዜማ አለች» አሉኝ። «እሷን ትጫወትልኝ።»

እኔ አንድም ሰው ያስተዋላት አልመሰለኝም ነበር። ሚስ ኖራ ቫዮሊኗን አወጣች። ሁለተኛው ከፊቷ ስለሌለ መሸጋገሪያ አላስፈለጋትም፤ ሦስተኛዋ ብቻዋን፣ በሙሉ ቁመቷ ወጣች። አኮርዲዮኔን አልነካሁም። ባላምባራስ ሰርገኛው የወረደበትን መንገድ እያዩ አዳመጡ። አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፣ ዓለምነሽን እንኳ ያየኋት ገና ያን ዕለት ነው።

ስትጨርስ ዘወር ብለው «ይችስ?» አሉ። «ይችም ትመለሳለች?»

ልተረጉምላት አፌን ስከፍት ሚስ ኖራ ቀደመችኝ። «የለም ባላምባራስ» አለች በራሷ አማርኛ። «ይቺ አትመለስም። ትሄዳለች፤ ከዚያ ታልቃለች።»

«አውቄያለሁ» አሉ። «በይ ድገሚልኝ።»